«እርስዎ» የሚባለው ሰው

በእኛ ሰፈር ለሰው ቅጽል ስም የሚያወጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ለእኔ «ቁልፍ» የሚል አውጥቶልኛል፤ ሱቄን ከቆለፍሁ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ቁልፉን ስለምነካካ ነው። ስሙን አልወደድሁትም። ሆኖም ሌባ በበዛበት ዘመን ቁልፍ መባል ስድብ አይደለም ብዬ ተውሁት። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ እኔ አይደለም፤ ፀጉር አስተካካዩ «እርስዎ» ብሎ ስለ ሰየመው ሰው ነው። ስሙ እንዴት እንደ ወጣለትና እንዴት የአገራችን ዜጋ እንደ ሆነ ከእኔ በቀር በትክክል የሚያውቅ የለም። እኅቴ አውቃለሁ ትላለች፤ አታውቅም።

ወደ መስታወት መቁረጫ ሱቄ የመጣው የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ዝናብ በሚጥልበት ጠዋት ነው። አንድ ሻንጣና አንድ ብጣሽ ወረቀት ይዞ ነበር። በወረቀቱ ላይ በሌላ ሰው እጅ «ሥራ» የሚል ቃል ተጽፎበታል። ወረቀቱን ተቀብዬ ጀርባውን አየሁ፤ ወደ ብርሃንም አንሥቼ አየሁት።

«ማን ጻፈልዎት?» አልሁት።

አልገባውም፤ ፈገግ አለ። ያልገባውን ነገር ፈገግ ብሎ የሚያልፍ ሰው አልወድም። ነገር ግን የቀድሞው ሠራተኛዬ እጁን ቆርጦ ከወጣ አንድ ሳምንት ሆኖት ነበር፤ የአንድ ትምህርት ቤት ሃያ አራት የመስኮት መስታወትም ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። መጥረጊያ ሰጠሁት።

ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ «እርስዎ» አልሁት። ይህን ያደረግሁት አክብሬው አይደለም። ላላወቁት ሰው «አንተ» ማለት በርን ሳይቆልፉ እንደ መተኛት ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ያቋረጥሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ማንም እንዳይንቀኝ አነጋገሬን ሁልጊዜ እጠነቀቃለሁ። ለደንበኛም፣ ለተሸካሚም፣ ለለማኝም «እርስዎ» ነው የምለው።

ሰውየው ቋንቋችንን የተማረው ከእኔ አፍ ነው። «ይምጡ»፣ «ያንሡ»፣ «ቀስ ይበሉ»፣ ከሁሉም ይልቅ «አይንኩ»። ስለዚህ የሚያውቀው ግሥ ሁሉ የአክብሮት ሆነ። አንድ ቀን የሰፈሩ ድመት አዲስ በተቆረጠ መስታወት ላይ ተጋድሞ አገኘው፤ ጎንበስ ብሎም «እባክዎ ይውረዱ፤ ይቆረጣሉ» አለው። ፀጉር አስተካካዩ ከደጃፉ ሆኖ ሰማ። ከዚያች ቀን በኋላ በሩን እያንኳኳ «እንደምን አደራችሁ! ዛሬ እርስዎ የሉም እንዴ?» ይለኝ ጀመር።

«አለሁ» ስለው፣

«እርስዎን አይደለም ያልኩዎት፤ እርስዎን ነው!» እያለ በሣቅ ይንፈራፈር ነበር።

የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ያን ጊዜ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሰውየው ባገኛት ቁጥር ባርኔጣውን አንሥቶ «እንደምን አደሩ? ዛሬ አለቀሱ?» ይላት ነበር። ልጅቱ መጀመሪያ ከአባቷ እግር ኋላ ትደበቅ ነበር። ኋላ ግን ሲመጣ ባየችው ጊዜ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ቀጥ ብላ መቀመጥ ጀመረች። መንገዱ ሁሉ ይሥቅበት ነበር። ሣቁ መቼ ወደ መውደድ እንደ ተለወጠ ቀኑን አላውቅም፤ መለወጡን ግን ከማንም በፊት ያየሁ እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም። አንዲት ሴት የተሰበረ የፎቶግራፍ ፍሬም ይዛ መጣችና እኔን አልፋ ወደ ውስጥ እያየች «ያ ትሑቱ ሰው የለም?» አለች።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ አስቤአለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስል የኖርሁበት ሰፈር እኔን ግትር አለኝ። እርሱ ከእኔው የወሰደውን ያንኑ ቃል ሲናገር ትሑት ተባለ።

በአገሩ ፒያኖ ቃኝ ነበር። ለምን እንደ ወጣ ስጠይቀው «ፒያኖዎቹ ተቃጠሉ» አለ። ከዚያ በላይ አልነገረኝም፤ እኔም የግማሽ መልስ ሰውን አላምንም። ጆሮው ግን ጆሮ ነበር። መስታወት አንድ ጊዜ ብቻ ይጫራል፤ ሁለተኛ የጫረበት ሰው ሰባሪ ነው። አባቴ ይህን ሲያስተምረኝ እጄን እንድመለከት ነው ያስተማረኝ። ሰውየው ግን እጁን አያይም ነበር። ራሱን ዘንበል አድርጎ የመቁረጫውን ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁ ካልጣመው መስታወቱን ያስቀምጥና «እኚህ አይሆኑም፤ ውስጣቸው ታመዋል» ይላል። እውነትም በኋላ ስጫነው በሌላ መስመር ይሰነጠቃል። በሁለተኛው ዓመት ክብ መስታወት ያለ አንዳች ጉርብጥብጥ ቆረጠ። እኔ ክብ ስቆርጥ እስከ ዛሬ በሞረድ ካላስተካከልሁት አይወጣልኝም። «ጥሩ ነው» አልሁት፤ ከዚያም ሱቁን ቀደም ብዬ ዘጋሁ።

በኪሱ አንዲት ትንሽ ደብተር ነበረችው። እኔ አንድ ነገር በተናገርሁ ቁጥር ዞር ብሎ ይጽፋል። የደንበኞቼን ስም ይሆን? የመስታወቱን መጠን ይሆን? ለማን ሊያቀብል ነው? አንድ ቀን ምሳ ሊበላ ሲወጣ ደብተሯን ከጃኬቱ አውጥቼ ገለጥሁ። በአገሩ ፊደል ነበር የተጻፈችው፤ አንድ መስመር እንኳ ማንበብ አልቻልሁም። ይህም ጥርጣሬዬን ቀነሰው አልልም።

ከሁሉም የከፋው ግን የቤቴ ነገር ነው። ከሱቁ ኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ከታላቅ እኅቴ ጋር እኖራለሁ። እትዬ ነው የምላት። እርሷ ስልሳ አንድ፣ እኔ ሃምሳ አራት ዓመታችን ነው፤ ግን እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ትለኛለች። በዓለም ላይ «አንተ» የምትለኝ እርሷ ብቻ ነበረች። ሰውየው ምሳውን ከእኛ ጋር መብላት ከጀመረ ወዲህ የእርሱ ሳህን ከእኔ ሳህን ይልቅ እየሞላ እንደ ሄደ አስተውያለሁ።

«አንተ ልጅ፣ የሰውየው ሸሚዝ ኮሌታው ተበልቷል። አምጣልኝ፣ ገልብጬ ልስፋለት።»

«የእኔም ተበልቷል፣ እትዬ።»

«ያንተ ከአንገትህ ድርቅና ነው የተበላው። የእሱ ከሥራ ነው።»

እርሱ ደግሞ ሰምቶ «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ» ይላታል። እትዬ እንዲላት ማን ፈቀደለት? አንድ ቀን ለጎረቤት ስታወራ «ወንድሞቼ ምሳ እየበሉ ነው» ስትል ሰማኋት። ወንድሞቼ! እናታችን የወለደችው አንድ ወንድ መሆኑን እኅቴ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች።

ሰውየው በየዓመቱ የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይሄድ ነበር። ጠዋት ሄዶ ማታ አንዲት ማኅተም ይዞ ይመለሳል። በሰባተኛው ዓመት ግን ማኅተሟን ሳይሆን ደብዳቤ ይዞ መጣ። ፈቃዱ ከእንግዲህ አይታደስም። ለዜግነት አመልክቶ ቃለ መጠይቁን ካለፈ ይኖራል፤ ካላለፈ ግን ፈቃዱ በሚያልቅበት ቀን፣ ማለትም በወሩ መጨረሻ፣ ከአገር ይወጣል። ለቃለ መጠይቁም ቢያንስ አምስት ዓመት የሚያውቀውን አንድ ዜጋ ምስክር አድርጎ ማምጣት አለበት።

«እርስዎ ምስክር ይሁኑልኝ» አለኝ።

«እኅቴን ለምን አልጠየቁም? ፀጉር አስተካካዩስ? ሁሉም ይወድዎታል።»

«ስለሚወዱኝ ነው» አለ። «የሚወድ ሰው ምስክር አይሆንም። እርስዎ ግን ሁሉን ይጠረጥራሉ። እርስዎ ካመኑ ማን አያምንም?»

ምስጋና ይሁን ነቀፋ ሳልለይ «እሺ» አልሁ።

ከቃለ መጠይቁ ሁለት ቀን በፊት ወደ ቤት ስገባ ሰውየው በክፍሉ መካከል ቆሟል፤ እኅቴም ከትከሻው ላይ ብናኝ እያራገፈች ነው። የለበሰው የአባታችንን ካፖርት ነበር። ያ ካፖርት አባታችን ከሞተ ወዲህ በእኅቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ናፍታሊን ተደርጎበት ተሰቅሎ ኖሯል። በጠየቅሁ ቁጥር «ትከሻህ ሲሞላ ትለብሰዋለህ» እያለች ስትሸኘኝ ሃያ ዓመት ሆኗታል።

«እንዴት ልክክ አለለት! አየህ?» አለችኝ።

«አየሁ» አልሁ።

«ምነው ፊትህ እንደ ተሰበረ መስታወት ሆነ? ሰው እኮ ነው፤ መንግሥት ፊት በተቀደደ ጃኬት ይቁም?»

ሰውየው ተከትሎኝ ወደ ሱቅ ወጣ፤ ደብተሯንም አወጣ።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለ። «ባለሥልጣን ጉዳዬን አይቶ ሲጨርስ ‹አመሰግናለሁ› ማለት ይበቃል? ለትልቅ ሰው የሚባል ትልቅ ቃል የለም?»

በዚያን ጊዜ ከአባቴ ካፖርት የናፍታሊኑ ሽታ ይመጣብኝ ነበር።

«አለ» አልሁት። «‹እግዚአብሔር ያጽናዎት› ይበሉ። ቆመው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው። ይህን ያለ ሰው ቋንቋ ማወቁ ይታወቅለታል።»

ጻፈው። ሦስት ጊዜም ደገመው፤ «ጽ»ን በደንብ እንዲያወጣ እኔው አረምሁት። ለሐዘንተኛ የሚባለውን ቃል ማንም ሳይሞት በባለሥልጣን ፊት ሲናገር፣ ቋንቋውን አያውቅም ተብሎ እንዲመለስ ነበር ሐሳቤ። ይህን የምጽፈው ሳላፍር አይደለም፤ ግን የሆነው ይኸው ነው።

ላርመው የምችልበት ጊዜ አላጣሁም። በማግሥቱ ሙሉ ቀን አብረን ስንሠራ ዋልን። በቀጠሮውም ቀን በአውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ በመሥሪያ ቤቱ መተላለፊያ ቁጥር ይዘን በአግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትሁ። ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔ በካፖርቱ እጅጌ ላይ ዐረፈ፤ እጅጌው ልክ በእጁ አንጓ ላይ ነበር። እኔ በስውር ለክቼው አውቃለሁ፤ ጣቴን ይሸፍነኛል።

ተጠርተን ገባን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ የብረት ቁም ሣጥን፣ በወረቀት ክምር የተጨናነቀ ጠረጴዛና ሦስት ወንበሮች። ከጠረጴዛው ኋላ የመዝገቡ ሠራተኛ ተቀምጣለች። እኔ ከእርሷ ይልቅ ያየሁት መስኮቷን ነው፤ ስንጥቁ በፕላስተር ተለጥፏል፣ መስታወቱን የሚይዘው ስቱኮም ተፈርፍሮ አልቋል።

ሠራተኛዋ ቀና ሳትል ጥያቄዋን ጠየቀች፤ የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚሠራ፣ ሕግ ተላልፎ ያውቅ እንደ ሆነ። ሁሉንም በደንብ መለሰ። ከዚያም አንድ ሥዕል አቀረበችለት፤ በሥዕሉ ላይ አንድ ሕፃንና አንድ ውሻ አሉ።

«የሚያዩትን ይንገሩኝ።»

«ሕፃኑ እየሣቁ ናቸው» አለ ሰውየው። «ውሻው አጠገባቸው ተኝተዋል።»

ያን ጊዜ ቀና አለች። «ስለ ውሻው ነው የምጠይቅዎት።»

ሰውየው ወደ እኔ ሰረቅ አድርጎ አየና «አዎን፤ እሳቸው ተኝተዋል» አለ።

«ሰባት ዓመት ኖረው ሰውና ውሻ አልተለየልዎትም» አለች። አልሣቀችም። አንድ ነገር ጽፋ ማኅደሩን በስተግራዋ ወዳለው ክምር አሸጋገረችው። «ቋንቋው ገና ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ማመልከት ይችላሉ።»

ሁለት ዓመት የት ሆኖ ነው የሚጠብቀው? ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ወጥመዴ ሳያስፈልግ በትምህርቴ ብቻ ወደቀ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ትንሽም ደስ አለኝ። ነገር ግን ሰውየው ያን ቃል አልረሳም ነበር። ተነሣ፤ የአባቴን ካፖርት ቆለፈ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ልብሷን ያየሁት በዚያች ቅጽበት ነው። ከሻሿ እስከ ጫማዋ ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኖቿም አብጠዋል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላት።

እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ።

«ማን ነገረዎት?» አለች።

እርሱ ቃሉን ማን አስተማረህ ያለችው መሰለው። «እሳቸው ናቸው» ብሎ ወደ እኔ አመለከተ።

«እናቴ ናት» አለች፤ ለእኔ ነበር የምትናገረው። «ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ወንበር ላይ የተነሣውን ሰው ብዛት አላውቀውም። የአገሬ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ሮጠ። እርስዎ ግን አስተውለው ነገሯቸው።»

«ልብስዎን አይቼ ነው» አልሁ። ውሸት ነበር፤ ግን ከአፌ ወጥቶ አለቀ።

ፊቷን ጠራርጋ ማኅደሩን ከክምሩ ላይ መልሳ አነሣችው። «እንግዲህ ምስክርም ስለ ሆኑ ይንገሩኝ። ሰውየው ቋንቋ ያውቃሉ? ውሻን ‹እሳቸው› ማለትን ከየት አመጡት?»

የሚሻለው ዝም ማለት ነበር። ግን ከእኔ የተማረ ሰው ወደቀ ሲባል መስማት አልቻልሁም።

«ከእኔ ነው» አልሁ። «እኔ ለማንም ‹አንተ› አልልም፤ እሳቸውም ሌላ አልሰሙም። ስሕተቱ የእኔ ነው። ቋንቋውን ያውቃሉ።»

ወደ እርሱ ዞረች። «ውሻው ምን እያደረገ ነው?»

«ውሻው ተኝቷል» አለ ወዲያው። «ሕፃኑ ይሥቃል።»

«ታዲያ ያውቁ ኖሯል! ቀድሞ ለምን አላሉም?»

«እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው አልደፈርሁም» አለ። «ትምህርታቸውን የናቅሁ ይመስላቸዋል።»

እንግዲህ ያውቅ ነበር። ድመቱንም፣ የፀጉር አስተካካዩንም ልጅ እያወቀ ነበር «እርስዎ» የሚለው። ሠራተኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችና ወረቀት ወደ እኔ ገፋች። «ስለ ጠባያቸው ይጻፉና ይፈርሙ።» ብዕሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። «ክፉ ነገር አላየሁባቸውም» ብዬ ጻፍሁ። ይህ ውሸት አልነበረም፤ ስፈልግ ነው የኖርሁት፤ አላገኘሁም። ማኅደሩ በስተቀኟ ባለው ክምር ላይ ዐረፈ።

ወደ ውጭ ስንወጣ የበሩ ጥበቃ የመታወቂያ ወረቀታችንን መለሰልን። ሰውየው በደስታ ብዛት ቆም አለ፤ እጁንም ደረቱ ላይ አደረገ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ጥበቃው ገረጣ። «ምን አሉ? ማን ሞተ?» አለ። «ከቤት ደውለው ነው? ኧረ ሰውዬ፣ ይናገሩ! እናቴ ናት?» ስልኩን ከኪሱ ለማውጣት ሲታገል ቆቡ ወደቀ።

«ማንም አልሞተም» አልሁት። «ሰውየው እንግዳ ናቸው፤ ቃል ተሳስተው ነው።»

«ምን ዓይነት ስሕተት ነው! በቁሜ ለቅሶ አስቀምጠውኝ ነበር እኮ!»

ሰውየው የጥበቃውን ፊት አየ፤ ቀጥሎ የእኔን አየ። ጆሮው ደኅና ጆሮ መሆኑን ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። መንገዱን ተሻግረን ወደ አውቶቡስ መጠበቂያው ሄድን። እዚያ ስንደርስ ደብተሯን አውጥቶ ገጿን ገለጠ።

«ይህ ቃል ለማን ነው የሚባለው?»

«ሰው ለሞተበት ሰው ነው» አልሁት። «እያወቅሁ ነው የሰጠሁዎት። የአባቴን ካፖርት ለብሰው ስላየሁ ነው።»

ተቆጥቶ ቢሰድበኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ አልሰደበኝም። የካፖርቱን እጅጌ አየ፣ እኔን አየ፣ ደብተሯን ከድኖ ኪሱ ከተታት። አውቶቡሱ መጣ። በሩ ሲከፈት ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ» አለኝ። «ና ግባ። ሱቅ የተውነው ስቱኮ ይደርቅብናል።»

በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ ከእኅቴ በቀር ማንም ያላለኝን፣ በአደባባይ አለኝ። ንቆኝ ይሁን ወይም አቅርቦኝ፣ ፊቱን አይቼ ለመለየት ሞከርሁ፤ አልተለየልኝም። ገባሁ፤ አጠገቡም ተቀመጥሁ።

የዜግነቱ ደብዳቤ ከአርባ ቀን በኋላ መጣ፤ እስከዚያው ፈቃዱን አራዘሙለት። እኅቴ አልቅሳ ሳመችው። «ወንድምዎን ያመስግኑ፤ ምስክሬ እሱ ነው» አላት። የቃሉን ነገር ለእርሷም ሆነ ለሌላ ሰው እስከ ዛሬ አልተናገረም። ካፖርቱን አጣጥፎ በአልጋዬ ላይ አስቀምጦልኝ አገኘሁት። ለብሼ በቆረጠው ክብ መስታወት ፊት ቆምሁ። እጅጌው እውነትም ይረዝመኛል፤ መልሼ ሰቀልሁለት።

አሁንም አብረን እንሠራለን። ደንበኛ ሲገባ አሁንም የሚፈልገው እርሱን ነው። ድመቱን አሁንም «እርስዎ» ይለዋል፤ እኔን ግን «አንተ» ይለኛል፤ እኔም ቃሉን ለምጀው የራሴ ብቻ ነው ብዬ ይዤው ነበር። ባለፈው ሰኞ ፀጉር አስተካካዩ መላጨቱን ጨርሶ ፎጣውን ሲያራግፍ፣ ሰውየው «አንተ፣ ጆሮዬን ቆረጥኸኝ እኮ!» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ሁለቱም ይሥቁ ነበር። ወደ ሱቄ ተመልሼ እስከ ማታ ከማንም ጋር አልተነጋገርሁም።

ከዚያ ወዲህ ግን አጥርቼ አዳመጥሁ። ለፀጉር አስተካካዩ «አንተ» ሲለው ፈጠን አድርጎ ነው። ለእኔ ሲል «አን» ላይ ጥቂት ይቆያል።